ሰባተኛው ጋን

የእህቴን የሽብሬን ሰርግ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ይህን ሃምሳ ዓመት ያህል አምኜ ኖሬያለሁ። ለሁለት የንስሐ አባቶች ተናግሬዋለሁ፤ የመጀመሪያው የአንድ ሳምንት ስግደት ሰጡኝ፣ ሁለተኛው ሳቁ። የትኛው እንደጠቀመኝ እስካሁን አላውቅም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጣሊያን ከአገር ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። መቱ ሁለት መንገድ፣ አንድ ገበያና ብዙ ጭቃ ነበረች። ቤታችን ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ እንግዳ ሰው ቤቱን ከማየቱ በፊት በጠረኑ ያገኘዋል፣ ማር ማር ይላል። አባቴ ነገራ ከአያቱ በወረሰው ጫካ ውስጥ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል፤ እናቴ በየነች ያንን ማር ጠጅ ታደርገዋለች። ከጎሬ የሚወርድ ሹም በቅሎውን ሳያስር የሚጠይቀው የእሷን ጠጅ ነበር።

ወይን ያለው አገር በወይኑ ይኩራ። እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር በማር ይለካል። ልጅ ሲወለድ ማር ይልሳል፣ ሲያገባ ጠጅ ይጣልለታል፣ ሲሞት ጠጅ እየተጠጣ ይወሳል። ጠጁ ካማረ ሰርጉ አማረ ይባላል፤ ሙሽሮቹ ቢያምሩም ባያምሩም።

ጫካው ግን ያኔ በአባቴ እጅ አልነበረም። መሬት ሲለካ ዛፎቹ በአቶ ሙሉብርሃን ስም ገብተው ተገኙ። አቶ ሙሉብርሃን ቡሬ የሚኖሩ ባለብዙ መሬት ሰው ናቸው፤ ወፍራም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። ያን ሁሉ ዛፍ ስም ውስጥ እንዴት ማስገባት እንደሚቻል ስላልገባኝ፣ ስማቸው ሰፊ መሆን አለበት ብዬ አለፍኩት።

የመስቀል ሰሞን ሦስት ሽማግሌ ልከው ሽብሬን ለልጃቸው ጠየቁ። ጋብቻው ከሆነ ጫካው ለሙሽሮቹ ይሰጣል፤ አባቴም ዕድሜውን ሙሉ ቀፎውን እንደሰቀለ ይኖራል። ካልሆነ ግን ዛፉ ለመጋዝ ነው። አባቴ ተነሥቶ ቆመና ቃሉን ሰጠ። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ያልተደሰተ ሰው አላየሁም። ሽብሬን ማለቴ አይደለም፤ ሽብሬን ያን ቀን ማንም አላያትም።

ሙሽራውን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው። ከደጃችን ሲወጣ በቅሎው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብትልበት በጅራፉ እጀታ ዓይኗን መታት። አጥፍታ ይሆናል አልኩ። አባቴ ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ በቅሎዋ ከዓይናችን እስክትሰወር ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም። በቅሎዋን የወደዳት መስሎኝ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አቶ ሙሉብርሃን ሰርጉን ሊመክሩ መጡ። ከእሳቸው ጋር አባ ሰቦቃ የሚባሉ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሃይማኖታቸው ግን ያላለቀ ሽማግሌ ነበሩ። ሰርጉ ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በቅበላ እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያ ካለፈ ሃምሳ አምስት ቀን ሰርግ የለም።

"ከጎሬ እስከ ጋምቤላ የሚወራ ሰርግ ነው የምፈልገው" አሉ አቶ ሙሉብርሃን። "ዳሱን ለኔ ተወው፣ ሰንጋውን ለኔ ተወው። ካንተ ቤት የምፈልገው ሁለት ነገር ነው ነገራ። ልጅቱና ጠጁ።"

"በዚሁ ተራ?" አለች እናቴ ከጓዳ።

ወንዶቹ ሳቁ። እናቴ ስትቀልድ አብራ ትስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳቋን አልሰማሁም።

ሰባት ጋን ጠጅ እንዲጣል ተስማሙ። ለእስላም እንግዶች ደግሞ ያልፈላ የማር ውሃ፣ ብርዝ፣ በዋዜማው ለብቻው ይበጠበጣል። አቶ ሙሉብርሃን አንድ ነገር ጨመሩ።

"በኛ ቤት ወግ፣ ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሽማግሌ መጥቶ ጠጁን ይቀምሳል። አባቴም ሲድረኝ ተቀምሷል።"

"ካላማረስ?" አለ አባቴ።

"የበየነች ጠጅ?" አባ ሰቦቃ በሳቅ ተንፈራፈሩ። "እሱ ካላማረማ እግዜር ሰርጉን አልወደደውም ማለት ነዋ!"

ሁሉም ሳቀ። አባቴ ብቻ ሽማግሌውን ትንሽ ቆየት ብሎ አያቸው።

እንግዶቹ እንደወጡ ሽብሬ ብርሌውን ልትሰበስብ ገባች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ፣ ጂማ ካለ የጤና ረዳቶች ትምህርት ቤት ደብዳቤ ትጠብቃለች። ደብዳቤው ከፋሲካ በፊት ይደርሳል ተብሏል።

"አባዬ" አለች፣ ብርሌዎቹን እንደያዘች። "ደብዳቤው እስኪመጣ ቢቆይስ?"

"ምኑ?"

"ሰርጉ።"

አባቴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "በሦስት ሽማግሌ ፊት የሰጠሁትን ቃል በወረቀት ጠቅልዬ ልመልሰው? ቃሉን ያጠፈ ሰው በዚህ አገር ከማን ጋር ይበላል? ማን ቀብሩ ላይ ይቆማል? ንገሪኝ እስቲ!" እንዲህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ደጅ ያሉት ዶሮዎች ሳይቀሩ ተበተኑ።

ሽብሬ አላለቀሰችም። "እሺ" ብላ ብርሌዎቹን ይዛ ወጣች። ከጩኸቱ ይልቅ ያቺ "እሺ" አስፈራችኝ። አባቴ ክፉ ሰው ነው ብዬ የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ውሳኔዬን ሙሉ በሙሉ ለማንሣት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አባቴ ገበያ ይዞኝ ሄደ። ሰም የሚሸጥላቸው ጋሼ ጀላሉ ዘንድ ገባን። ጋሼ ጀላሉ ጨውና አቡጀዴ የሚሸጡ፣ ቡና ወደ ጂማ የሚጭን አንድ አሮጌ ካሚዮን ያላቸው ሰው ናቸው። እሳቸውና አባቴ ልጅ እንዳይሰማ ሲፈልጉ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ እንደገና ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ይዘላሉ። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ያልገባኝ በሁለት ቋንቋ ነው።

"ልጁን አይቼዋለሁ" አለ አባቴ። "በቅሎዋን አይቻለሁ።"

"በቅሎዋ ምን ሆነች?"

"ምንም አላደረገችም። እሱን ነው የምልህ። ምንም አላደረገችም።"

ጋሼ ጀላሉ ሚዛናቸውን በጨርቅ ወለወሉ። "ታዲያ ንገራቸዋ ኦቦ ነገራ።"

"ምን ብዬ? ጫካው ይቅር፣ ጫካውስ በቃ። ቃሌን አጠፍኩ ካልኩ ግን ከነገ ጀምሮ ለኔ ሰላምታ የሚመልስ፣ ለዚህች ትንሿ ሽማግሌ የሚልክ ማን አለ?"

"ሰው ቃሉን ካጠፈ ይወቀሳል" አሉ ጋሼ ጀላሉ፣ ሚዛኑን እያዩ። "ጋን ቢያጥፍ ማን ይከሰሳል?"

"የበየነች ስምስ?" አለ አባቴ በመጨረሻ። "ያላት እሱ ብቻ ነው።"

"እሱን እንጃ። እኔ ጠጅ አልጠጣም።"

ጋሼ ጀላሉ ስለ ሰርጉ መጠጥ የተጨነቁ መስሎኝ፣ "ጋሼ፣ ለእናንተ ብርዝ ለብቻ ይበጠበጣል" አልኳቸው። ትክ ብለው አይተውኝ ከረሜላ ሰጡኝ። ብልህ ነገር የተናገርኩ መሰለኝ።

ማታ ራት ላይ አባቴ እናቴን ጠየቃት። "ለመሆኑ ጠጅን ምንድን ነው የሚያኮመጥጠው?"

እናቴ እጇን ከገበታው አነሣች። "የቆየ አምቡላ" አለች። አምቡላ የጠጅ አተላ ነው፤ እሷ ለቁስልና ለዕቃ ማጠቢያ ታስቀምጠው ነበር። "ሁለት ጭልፋ ከገባበት በሳምንቱ ኮምጣጤ ነው። ምነው?"

"እንዲሁ። እንድንጠነቀቅ።"

"እንጠነቀቃለን" አለች።

አባቴ ስለ እናቴ ሥራ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር። ጠጁን ሃያ ዓመት ጠጥቶታል፣ አንድም ቀን ግን እንዴት ሆነ ብሎ አያውቅም። ታረቁ ማለት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

የነነዌ ጾም ገባ። ሦስት ቀን ነው፤ ልጅም ይጾማል። ዮናስ ሦስት ቀን በዓሣ ሆድ ስለቆየ እኛ በሆዳችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አናስገባም። ማክሰኞ ዕለት እናቴና ሽብሬ ለምህላ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሆዴን አላመመኝም። ያመመኝ ሰባቱ ጋን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጓዳ ውስጥ ሲንተከተኩ እየሰማሁ፣ ማንም "ቅመሺ" አላለኝም።

ቀጭን መቃ ይዤ ገባሁ። ጋኖቹ አፋቸው በጨርቅ ታስሮ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል። ከበሩ ኋላ አንድ ቅል መሬት ላይ ቆሟል፣ አፉ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል። እናቴ ዕቃ መሬት ላይ ትታ የምትሄድ ሴት አይደለችም፤ ገረመኝ። ግን የመጣሁት ለቅል አልነበረም። መጨረሻ ጥግ ያለውን ሰባተኛውን ጋን መረጥኩ፤ የጨርቁን ጠርዝ ገለጥ አድርጌ መቃውን ከተትኩ።

አራት ጉንጭ ጠጣሁ። አምስተኛው ላይ በሩ ሲጥጥ አለ። ከጋኑ ኋላ ተሸጎጥኩ።

የገባው አባቴ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሆን ነበረበት። ዓይኑን በጓዳው ሁሉ አዞረ፣ ቅሉን ሲያይ ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ቆረቆንዳውን ነቅሎ አሸተተ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ግን ሲዞር ዓይኑ ደረቅ ነው። የመጀመሪያውን ጋን ፈታና ከቅሉ አንቆረቆረበት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እያንዳንዱን እንደነበረ መልሶ ያስራል። ስድስተኛውን ጨርሶ ወደ ሰባተኛው ሲመጣ መቃዬን አየ፤ ቀጥሎ እኔን።

"ዲሪቤ!"

"ሆዴን አሞኝ ነው።"

"እዚህ ነው የሚሻልሽ?"

መልሼ ጠየቅሁት። "እሱ ምንድን ነው አባዬ?"

ቅሉን ቀድሞ እንዳላየው ሁሉ ቁልቁል አየው። "ጸበል ነው" አለ። "ጠጁ እንዲያምር።"

ይሸታል፤ ግን ጸበል ሁሉ ጥሩ አይሸትም። "ለዚህኛው አታደርግለትም?"

አገጬን አየ። እርጥብ ነበር። በጋቢው ጫፍ ጠረገልኝ። "አለቀ" አለ። ቅሉ ግን ሲያነሣው ይንቦጫቦጭ ነበር። "ስሚኝ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። እኔ አላየሁሽም፣ አንቺም አላየሽኝም። ጸበል ሲወራበት ይረክሳል።"

በደስታ እሺ አልኩ። አባቴ ጾም መሻሬን ደበቀልኝ፤ ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ?

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች እንደ ብርድ ልብስ ከበዱኝ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን ጋኑ ላይ ጣል አድርጋ ታዳምጣለች፤ ጠጅ እስኪደርስ ይናገራል ትል ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ አዳምጣ ስትነሣ ፊቷ አመድ መስሏል። ጓዳውን ዘግታ መጥረጊያ አነሣችና የተጠረገውን ደጅ እንደገና ጠረገች። እኔም በበሩ ቀዳዳ አሸተትኩ። የማሩ ሽታ ተለውጧል፤ አፍንጫ ይቆነጥጣል።

ያኔ ገባኝ። ኃጢአቴ ከሰባተኛው ጋን ተነሥቶ፣ እንደ ጉንዳን በግድግዳው ሥር ከጋን ወደ ጋን ሄዷል። ጸበሉ እንኳ አልቻለውም።

ደጅ ደግሞ የአቶ ሙሉብርሃን ሰዎች የዳስ እንጨት ይተክላሉ። ሦስት ሰንጋ መጥቶ ከበራችን ታስሮ ይጮኻል። ሴቶች የሽብሬን ራስ ሊሠሩ ገቡ። አንድ ቀን ብቻዋን አገኘኋትና ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

"ሽብሬ፣ ጠጁ ቢበላሽ ምን ይሆናል?"

እጄን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ቆዳዬ ውስጥ ገባ። "ተበላሸ እንዴ?" ዓይኗ ፈጠጠ።

ይህን ያህል ከደነገጠችማ እውነቱን ብነግራት ትሞትብኛለች ብዬ፣ "አይ፣ እንዲያው ነው" አልኳት። እጄን ለቀቀች። አሁን ሳስበው በሕይወቴ ከሠራኋቸው ክፉ ሥራዎች ያ አንዱ ነው፤ ለአንዲት ሴት የአንድ ደቂቃ ተስፋ ሰጥቼ መልሼ ወሰድኩባት።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ቀማሾቹ መጡ። አቶ ሙሉብርሃን መሐል ተቀመጡ፣ አባ ሰቦቃ በቀኛቸው። ጋሼ ጀላሉ በጎረቤት ወግ ተጠርተው በር አጠገብ ተቀምጠዋል። አባቴ ቆሟል። እናቴ ከመጀመሪያው ጋን ቀድታ ብርሌውን በሁለት እጇ ለአባ ሰቦቃ አቀረበች።

አባ ሰቦቃ ቀመሱ። አንድ ዓይናቸው ብቻ ተጨፈነ።

"በየነች" አሉ ቆይተው። "ይሄ ለሰርግ ነው ወይስ ለቁስል?"

ማንም አልሳቀም። ሁለተኛው መጣ፤ ሁለቱም ዓይን ተጨፈነ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ስድስተኛውን አባ ሰቦቃ ከአፋቸው መልሰው መሬት ላይ ተፉት። እናቴ እዚያው በቆመችበት እንባዋ ወረደ፤ ጠረግ እንኳ አላደረገችውም።

አቶ ሙሉብርሃን ከወትሮው ይልቅ ቀስ ብለው ተናገሩ። "ከጎሬ የጠራሁትን ሰው ታውቃለህ ነገራ። ጋን አንድ ቢበላሽ ዕድል ነው። ስድስት ጋን ግን እጅ አለበት።"

"ጠጅ ነው፤ ይበላሻል" አለ አባቴ። ድምፁ የሱ አልመሰለኝም።

"እንግዲያው በየነች ትማል። አሁኑኑ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ ወንጌል ይዛ፣ የማንም እጅ አልነካውም ብላ ትማል። ከማለች እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካልማለች ግን እንደተናቅሁ አውቄዋለሁ፤ የናቀኝን ሰው ከጫካው ብቻ አይደለም የምነቅለው።"

ሁሉም ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ መሬት መሬት አየች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። በሐሰት የማለ ሰው ዘሩ እንደማይባረክ እኔ እንኳ አውቅ ነበር። ለምን ዝም እንዳለች ግን አላወቅሁም፤ እኔን ጠርጥራ እንዳትጋለጥብኝ የያዘችው ዝምታ መሰለኝ። አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ሊናገር ነበር፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲነሣ አየሁት።

"እኔ ነኝ!" አልኩ።

ከበሩ ጥግ ወጥቼ መሐል ቆምኩ።

"እኔ ነኝ። በነነዌ፣ ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ፣ በመቃ ጠጥቼበታለሁ።"

አባ ሰቦቃ ብርሌውን አስቀመጡ። "ጾም ሽረሽ?"

"አዎ።"

"ስንት ጉንጭ?"

"አራት። አምስተኛው ላይ..." አባቴን አየሁት። ነጭ ሆኗል። ጸበል ሲወራበት ይረክሳል። "አምስተኛው ላይ ተውኩት።"

ሽማግሌው ቀስ ብለው አማተቡ። "ሙሉብርሃን፣ ሕፃን ነች፤ ሕፃን እንዲህ አድርጎ በራሱ ላይ አይዋሽም። በነነዌ ጾም የተሻረበት ጠጅ ለሰርግ አይሆንም። መሐላውን ተወው፣ እግዜር ራሱ ተናግሯል። ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን።"

"ሰባተኛውስ አልተቀመሰም።"

"ስድስት ብርሌ ኮምጣጤ እኔ ጠጥቻለሁ፤ ሰባተኛው ያንተ ተራ ነው።"

አቶ ሙሉብርሃን ብርሌውን አዩና ተነሡ። ከመውጣታቸው በፊት በጣታቸው አመለከቱኝ። "ይቺን አሁን ካልገረፍካት እኔ እገርፋታለሁ። ስትጮህ ሳልሰማ በቅሎዬ ላይ አልወጣም።"

አባቴ ከዳሱ አንድ ቀጭን ልምጭ መዘዘ፤ ክንዴን ይዞ ከቤቱ ኋላ ወደ ቆመው ኮባ ወሰደኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ልምጩ ሲያፏጭ ሰማሁ፣ ሲያርፍ ሰማሁ፤ ግን ምንም አላመመኝም። ዓይኔን ስከፍት አባቴ ኮባውን እየገረፈ ነው።

"ጩኺ" አለኝ በሹክሹክታ።

ጮህኩ።

"በደንብ ጩኺ ኢንተላ ኮ። ጎሬ ድረስ ይሰማ።"

ኮባው ቅጠሉ ተበጣጥሶ ውሃው እስኪወርድ ገረፈው። እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል፤ ሆኖም የሚስቅም ይመስላል። ከወዲያ የበቅሎ ኮቴ ሲርቅ ሲሰማ ልምጩን ጣለ፤ ኮባው ሥር ቁጭ ብሎ ራሴን ደረቱ ላይ አስጠጋው። እንዴት ያለ ርኅሩኅ አባት ነው አልኩ፤ የልጁን ሰርግ ላበላሸሁበት ለኔ ራራልኝ።

ደብዳቤው በመጻጉዕ ሳምንት መጣ። አቶ ሙሉብርሃን ጾሙ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ የኮምጣጤ ቤት ልጅ አላገባም ብለው ለልጃቸው ከሌላ ቤት ጠየቁ። ሽብሬ በዳግማ ትንሣኤ ማግስት በጋሼ ጀላሉ ካሚዮን ወደ ጂማ ሄደች። ስትሄድ እናቴ ጠጅ ቀዳች፤ ለኔም አንድ ጉንጭ ሰጠችኝ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሼ አላውቅም። መቼ ጣለችው ብዬ አልጠየቅሁም።

ክረምቱ ሳይገባ ከሁሩሙ በኩል የመጋዝ ድምፅ ይሰማ ጀመር። አባቴ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ አወረደ። ሁለቱን ከጓሯችን ዋንዛ ላይ ሰቀለ፤ ሌሎቹን ለማገዶ ፈለጠ። እናቴን ገበያ "በየነች ኮምጣጤ" አሏት። ለዓመት በዓል እንኳ ጠጅ መጣል ተወች፤ ዳቦ ጋግራ አሳደገችን። አንዳንድ ጊዜ አባቴ ሲናገራት ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈዋለች፤ እሱም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሁሉንም ከአራት ጉንጬ ጋር አያይዤ ኖርኩ።

አባቴ የሞተው ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ላይ ነው። ለሙት ዓመቱ ተዝካር እናቴ ጠጁን ራሴ እጥላለሁ አለች። ሽብሬ ከጂማ መጣች፤ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ አሁንም ሰው ሲያስነጥስ ዘወር ብላ ታያለች። እንደ ቀድሞው ሰባት ጋን አይደለም፤ አንድ ጋን ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ስትጥልበት አየኋት። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

"እማዬ፣ የሽብሬን ሰርግ ጠጅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ከጋኑ ቀና አለች። "ያኔ ብለሽው የለ እንዴ?"

"ያልኩትማ እውነት ስለሆነ ነው።"

እናቴ ወደ እኔ ጠጋ አለች። "አባትሽ አስጠንቶሽ አልነበረም?"

"ምኑን?"

"'እኔ ነኝ' ማለቱን።"

"ኧረ ማንም አላስጠናኝም። ከልቤ ነው። ጾም ሽሬ ጠጥቼ፣ ጸበል እንኳ አፍስሶበት..."

"ጸበል?"

ነገርኳት። መቃውን፣ ቅሉን፣ "አላየሁሽም አላየሽኝም" ያለኝን። ስጨርስ እናቴ ዱካው ላይ ቁጭ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እየሳቀች ነው ስል እያለቀሰች ነበር።

"ያን ቅል ከበሩ ኋላ ያቆምኩት እኔ ነኝ" አለች። "ሃያ ዓመት ጠጥቶ አንድ ቀን ያልጠየቀ ሰው፣ ጠጅ ምን ያኮመጥጠዋል ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሌላ ምን ላደርግ? አምቡላውን ሞልቼ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እዚያ ቆሜ ስለ ሰባት ጋን ማር ሳለቅስ ሰዉ ስለ ኃጢአቷ ታለቅሳለች አለ።"

"ታዲያ አብራችሁ ነበራችኋ!"

"አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። ቃል ቢወጣን ያን ቀን ወንጌል ስይዝ ምን እላለሁ?" አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። "ስሜ መጥፋቱ አልቆጨኝም፤ እሱንማ ራሴ ሞልቼ አስቀመጥኩለት። አንቺን ግን... በሕፃን አፍ አስዋሸ፣ የራሱን ሥራ በልጁ ላይ ጣለ ብዬ ሃምሳ ዓመት ተቀይሜው ኖርኩ ዲሪቤ። ተቀይሜው ቀበርኩት።"

"አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽውም?"

"ከጠየቅሁት፣ ቅሉን ማን አስቀመጠው ብሎ ይጠይቀኛላ።"

ከውጭ ሽብሬ የልጅ ልጇን ስትጠራ ይሰማናል። ሁለታችንም ወደ ድምፁ ዞርን።

"ሰባተኛው ጋንስ?" አልኩ።

"አንቺ የጠጣሽበት? ማር ነበር እንጂ። ሽብሬ ስትሄድ የቀዳሁላችሁ እሱን ነው።"

ተነሥታ የጋኑን ጨርቅ ፈታች። ከጣራው ሥር ከተሻጠው መቃ አንዱን መዛ፣ ጫፉን በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችኝ።

"ዛሬ ረቡዕ ነው እማዬ። ዘጠኝ ሰዓትም አልሆነ።"

"አውቃለሁ" አለች፤ ለራሷም አንድ መዘዘች። "ጠጪ።"